የዝግባ በር ባለ ቧንቧዎች

ተረት ልናገር ነው፤ ጆሮ ያለው ይቅረብ፤ ጆሮውን ለሐሜት ያከራየ ግን እዚያው ይቆይ።

በድሮ ጊዜ፣ አውሬ ሁሉ አፍ አውጥቶ በሚናገርበት፣ ተናግሮም በማይደማመጥበት ዘመን፣ ዝግባ በር የሚባል ደን ነበር። በደኑ መካከል አንድ ምንጭ ነበረ። ስም የለውም። በደኑ ከእሱ ሌላ ውሃ ስላልነበረ ስም አላስፈለገውም፤ «ውሃ ወረድሁ» ካሉ ሌላ የት ይወረዳል!

የምንጩ ጠባቂ እመት ጃርት ነበረች። ሹመቱን ማንም አልሰጣትም፤ ከእናቷ ወረሰችው፣ እናቷም ከእናቷ። ሥራዋ የምንጩን ዓይን መጥረግ ነው። ዓይኑ ማለት ውሃው ከመሬት ብቅ የሚልበት ቀዳዳ ነው። ደለል ይሞላዋል፣ ቅጠል ይደፍነዋል፣ ዝናብ ድንጋይ ያንከባልልበታል። ካልተጠረገ ውሃው አኩርፎ ወደ ውስጥ ይመለሳል።

ይህን ሁሉ አንዲት ጃርት ብቻዋን አትችለውምና በዝግባ በር አንድ ወግ ነበር። ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ አውሬው ሁሉ ደቦ ይወጣል። እመት ጃርት በጥፍሯ ትቆፍራለች፤ ጎሽ ጭቃውን በቀንዱ ይዝቃል፤ ሚዳቋ ቅጠሉን ትለቅማለች፤ ጅብ ሳይቀር እያጉረመረመ ድንጋይ ይሸከማል። ሲያበቃ ንፍሮ ይበላል። ከደቦ የቀረ አውሬ ያን ወር ሙሉ የሚጠጣው ከሁሉም በኋላ፣ ከሁሉም በታች፣ ጎሽ ከተንቦጫረቀበት ነው። ስለዚህ የሚቀር የለም። እመት ጃርት ደግሞ ምላሷ ከእሾኋ አይተናነስም። «አያ ጅቦ፣ ድንጋዩን አቅፈህ ልታድር ነው? አንሣው እንጂ!» ትላለች። ይስቃሉ፣ ይሠራሉ፣ ይጠጣሉ። እንዲህ እየኖሩ ሳለ ነው ቁራ የመጣው።

ቁራ ክንፍ አለው፤ ክንፍ ስላለው ባሕር ይሻገራል፤ ባሕር ስለተሻገረም ከሁሉ በላይ ያወቀ ይመስለዋል። ነጋድራስ የሚለውን ማዕረግ ራሱ ለራሱ ሰጥቶ፣ የሚያብለጨልጭ ነገር በአፉ ነክሶ አውሬው ሸንጎ ከሚቀመጥበት ዋርካ ሥር ወረደ። የያዘውን ብረት በአንድ ትልቅ ቅል ግርጌ ሰካና ቅሉን ከቅርንጫፍ ላይ ሰቀለው።

«ይህ ቧንቧ ይባላል» አለ። «በባሕር ማዶ ጎንበስ ብሎ ውሃ መጠጣት ድሮ ቀርቷል። እዩ!»

እጀታውን ጠምዘዝ ሲያደርገው ውሃው ፈሰሰ።

«ወይ ጉድ!» አለች ሚዳቋ። «ከብረት ውሃ!»

«ነጋድራስ፣ ቅሉን ማን ሞላው?» አለች እመት ጃርት።

«እሱ ዝርዝር ነው» አለ ቁራ።

አውሬው ሁሉ በእመት ጃርት ሳቀ። ዝርዝር የሚጠይቅ ሁልጊዜም ይሳቅበታል፤ የሚለቀሰው በኋላ ነው።

የሸንጎው ሊቀ መንበር ጎሽ ጉሮሮውን ጠራርጎ ዋጋ ጠየቀ። ማር አቀረቡ፣ ቁራ አልፈልግም አለ። ላባ አቀረቡ፣ ራሴ ላባ አለኝ አለ። «ማዶ የተወደደው ውሃ ነው» አላቸው። «ንጹሕ የምንጭ ውሃ። ለአንድ ቧንቧ አርባ ቅል።» አውሬዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩና በሆዳቸው ሳቁ። ምን ዓይነት ሞኝ ነው! በነጻ ከመሬት ለሚፈልቅ ውሃ የሚያብለጨልጭ ብረት ይሰጣል? ዕለቱን ተዋዋሉ። ዝንጀሮዎች ቅሉን እየተሸከሙ ወንዝ ዳር ያደርሳሉ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚያውቀው ቁራ ብቻ ነው።

ሁለት ወር ሳይሞላ ከእመት ጃርት ደጅ በቀር ቧንቧ ያልተሰካበት ደጅ ጠፋ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ሚዳቋ ማለዳ ተነሥታ፣ ማንም ሳያያት ወደ ምንጩ ትወርዳለች፣ ትቀዳለች፣ ተሸክማ ትመለሳለች፣ ከበሯ በላይ በሰቀለችው ቅል ትገለብጠዋለች። ከዚያ እንግዳ ሲመጣ እጀታውን ጠምዝዛ «ይኸው እንግዲህ፣ ከቤቴ ሳልወጣ!» ትላለች። እንግዳው እሱም ቤቱ እንዲሁ ሲያደርግ አርፍዶ የመጣ ስለሆነ ትንፍሽ አይልም።

ግን ቧንቧ መኖሩ ብቻ ምን ዋጋ አለው! ቁራ በመጣ ቁጥር ገበያው ተለውጧል። በመጀመሪያ ብርማ ነበር። በሚቀጥለው ወር «ብርማ? እሱ እኮ ያረጀ ነው! ዘንድሮ የወጣው ወርቃማ ነው» አለ። ሚዳቋ አፍራ ሁለት ቀን ከቤት አልወጣችም። ብርማውን ነቅላ፣ ከዓይኔ ይጥፋ ብላ ምንጩ ውስጥ ወረወረችው፤ ጎረቤቶቿም አይተው እንዲሁ አደረጉ። ምንጩ ጥልቅ ነው፣ ሁሉን ይውጣል። ወርቃማውን ገና በቅጡ ሳትጠግበው ቁራ መጣና «ጥቁር! ማዶ አሁን ትልልቆቹ የሚያስገቡት ጥቁር ነው» አለ። የምጣድ ቂጥ የመሰለ ጥቁር ነው። ዋጋው ስልሳ ቅል ገባ። ወርቃማው ተነቅሎ ወደ ምንጩ።

ጅብ ደግሞ ንግድ ገባው። ሁለት መቶ ቧንቧ ገዝቶ ዋሻው ውስጥ ቆለለና በላዩ ተኛ። ሲጠይቁት «ዕቃ የለም፤ መንገድ ላይ ነው» ይላል። በልጅነቱ አጥንት የደበቀ ጅብ ሲያድግ ምን ይደብቃል ብላችሁ ነው!

የሊቀ መንበሩ ግን ከሁሉ የተለየ ነበር። ቁራ ነጭ፣ ለስላሳ፣ የሚያንጸባርቅ፣ መሃሉ ክፍት የሆነ መቀመጫ አመጣለትና «በማዶ ጠዋት በዚህ ላይ ሳይቀመጥ ሥራውን የሚጀምር ትልቅ የለም» አለው።

«መሃሉ ለምን ተከፈተ?» አለ ጎሽ ዙሪያውን እየዞረ።

«ክብርዎ አየር እንዲያገኝ ነው» አለ ቁራ።

ጎሽ ተቀመጠበት። ተመቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሸንጎውን የሚመራው ነጩ መቀመጫ ላይ ተሠይሞ ሆነ፤ አውሬው ሁሉ ከፊቱ ሲቀርብ እጅ ነሥቶ ነው።

የደቦው ነገር ያን ጊዜ ላላ። ባለ ቧንቧ ጭቃ ይረግጣል? በመጀመሪያው ወር ደቦ ሚዳቋ እግሬን አመመኝ አለች። በሁለተኛው ጅብ ዕቃ ልቀበል ነው አለ። በሦስተኛው ሊቀ መንበሩ ራሱ ከመቀመጫው መነሣት አቃተው። እመት ጃርት ከአንዲት ዔሊ ጋር ቀረች፤ ዔሊዋም ለደቦ የደረሰችው ደቦው ካለቀ በኋላ ነው። ጃርቲቱ ውሃው እየቀጠነ መሄዱን ታያለች። ከሁሉ በላይ ደግሞ ያስጨነቃት በዚያው ወር መውለዷ ነበር። ሦስት ልጆች፤ የመጨረሻው ትንሽዬ፣ እሾሁ ገና ያልጠነከረ፣ ድንቡሼ የምትለው። ወንዙ የሁለት ቀን መንገድ ነው፣ አዞም አለበት። ምንጩ ከደረቀ ጡቷ ይደርቃል፣ ልጆቿን ይዛ የምትሄድበት የለም። ይህን ታውቀዋለች።

«ነገ ሸንጎ አለ» ብላ አሰበች። «ነገ ፊት ለፊት እነግራቸዋለሁ። ውሃ መላኩ ይቁም፣ ደቦ ይመለስ እላለሁ።» ልትልም ትችል ነበር። በዝግባ በር ሕግ ስለ ውሃ የተወሰነ ነገር የምንጩ ጠባቂ እጇን ካላነሣችበት አይጸናም።

ይህን ሕግ የሚያውቅ ሌላም ነበር። ከቀትር በኋላ ቁራ ደጇ ላይ አረፈ።

«እመት ጃርት፣ እንዴት ከርመዋል? አራሷን ልጠይቅ ብዬ ነው። አዬ፣ አዬ! ደኑን ሙሉ ያጠጡ እርስዎ፣ ደጅዎ ባዶ! እኔ እንኳ አፈርሁ።»

«አንተም ታፍራለህ?» አለች።

ቁራ ከት ብሎ ሳቀ። ከክንፉ ሥር አንድ ወርቃማ ቧንቧ አወጣ። አዲስ ነው፣ ፀሐይ ሲነካው ጎሬዋ ውስጥ ድረስ አበራ። ልጆቿ እየተጋፉ ብቅ አሉ።

«ወርቃማ አርጅቷል አላልህም?»

«ለሚዳቋ አርጅቷል። ለእርስዎ አዲስ ነው።»

«አርባ ቅል የለኝም።»

«ማን ዋጋ ጠየቀ? ስጦታ ነው! ነገ እጅ ሲነሣ እጅዎ እንዳይከብድ ብቻ ነው የምለምነው።»

እመት ጃርት ልታባርረው አፏን ከፈተች። እሾኋም ቆሞ ነበር። ግን ባለፈው ሳምንት የሚዳቋ ግልገሎች ልጆቿን «የጭቃ ልጆች» ብለው ሰድበዋቸው፣ ትልቁ እያለቀሰ ነበር የገባው። ደግሞ እሷም፣ እውነቱን እናውራ ከተባለ፣ ያን ብርሃን ደጇ ላይ ማየት ወደደችው። አርባ ዓመት ጭቃ የዛቀች ጃርት አንድ የሚያበራ ነገር ቢኖራት ምናለበት? «ለልጆቼ ነው» አለችና ተቀብላ ደጇ ላይ ሰካችው። ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው፤ ለራሱ የሰረቀ ሌባ እስከ ዛሬ አልታየም።

በማግስቱ ሸንጎው ተቀመጠ። ሊቀ መንበሩ በነጩ መቀመጫ ላይ ሆኖ ሁለት ነገር አቀረበ። አንደኛ፣ ጠዋት የሚቀዳው ውሃ ሁሉ አስቀድሞ ለማዶ ይሁን፣ የደኑ አውሬ ከተረፈው ይጠጣ። ሁለተኛ፣ ባለ ቧንቧ የሆነን ሕዝብ ጭቃ ማስረገጥ ኋላ ቀርነት ነውና ደቦ ይቅር፣ የቀረውን መቅጣትም ይቅር። «የምትደግፉ?» አለ። የሁሉም እጅ ተነሣ። ከዚያ ሁሉም ዞረው እመት ጃርትን አዩዋት።

እጇ ከበዳት። ከበዳት፤ ግን ተነሣ። ቁራ ከቅርንጫፍ ላይ አንዴ ጮኸና ውሳኔው ጸና።

ያኔ ማዶ ከርሞ የመጣ አንድ ሽመላ በደኑ በኩል ሲያልፍ ዋርካው ላይ አርፎ ነበር። ቁልቁል አየ። ጎሽን አየ፣ የጎሽን መቀመጫ አየ። መጀመሪያ ምንቃሩን በክንፉ ሸፈነ፤ ኋላ ግን አልቻለም፣ ሳቁ አመለጠው።

«ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። «ማዶ በዚህ ላይ በእርግጥ ትልልቆቹ ጠዋት ጠዋት ይቀመጣሉ። ግን በር ዘግተው ነው። ሲጨርሱም ውሃ ይለቁበታል።»

ጎሽ ቀስ ብሎ ወደ ታች፣ ወደ ክፍቱ መሃል አየ። ሽመላው ቀጠለ። «ወርቃማውንም አውቀዋለሁ። እነሱ ነቅለው የጣሉት ነው። ደግሞ እዚያ ከቧንቧ ጀርባ ቱቦ አለ፤ ከቱቦው ጀርባ ምንጭ አለ፤ ምንጩ ዳር ደግሞ ጭቃ የሚዝቅ አለ። የእናንተ ጭቃ ዛቂ የታለ?»

እመት ጃርት አንገቷን ደፋች። «እኔ ነኝ» ማለት ነበረባት፤ አላለችም።

«ምቀኛ!» አለች ሚዳቋ። «የእኛ መሠልጠን አቃጠለው!» «አውጡት!» አለ ጅብ። ሽመላውን በድንጋይ አባረሩት። ጎሽም ሁሉም ካጨበጨበለት በኋላ መቀመጫው ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠ፤ ከዚህ ወዲያ መነሣት ስሕተትን ማመን ይሆንበታላ!

በጋው ጠና። የምንጩ ውሃ ክር ሆነ፣ ክሩ ጠብታ ሆነ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ጠብታውም ቀረ። የዝግባ በር አውሬ ሁሉ በየደጁ ቆሞ እጀታ ይጠመዝዛል። ወደ ቀኝ ያዞራል፣ ምንም። ወደ ግራ ያዞራል፣ ምንም። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚባለው ይሄ ነው፤ የእነሱ ላም ግን ደጃቸው ላይ ተሰክታለች። ጅብ ከሁለት መቶ ቧንቧው አንዱን እያነሣ ይልሳል፣ ይጥላል፣ ሌላውን ይልሳል።

ሸንጎው ተጠራ። ቁራ አንዱን ቧንቧ ፈታታና ከውስጡ አንዲት ትንሽ ክብ ላስቲክ አወጣ። «ጎሚኒ ትባላለች» አለ። «ችግሩ እሷ ናት፣ አልቃለች። ከማዶ አዲስ ላምጣ።» ሁሉም እፎይ አሉ። ችግሩ ስም ካገኘ የተፈታ ይመስላል። በየጓዳው የቀረችውን ውሃ አራግፈው ሃያ ቅል ሞልተው ለመንገዱ ላኩለት። «በሦስት ቀን እመለሳለሁ» ብሎ በረረ። የቁራ መልእክተኛ የሚባለው ከዚያ በፊት ይሁን ከዚያ ወዲህ እንጃ፤ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

በሁለተኛው ቀን የእመት ጃርት ጡት ደረቀ። ልጆቿን ጎሬው ውስጥ አስተኝታ በየደጁ ሮጠች።

«ሚዳቋ፣ እህቴ፣ ዓይኑ ተደፍኗል። ነይ እንጥረገው፣ ልጆቼ ሊሞቱብኝ ነው!»

«እትዬ፣ በዚህ ጥማት ጭቃ? ደግሞ ጎሚኒው ነገ ይመጣ የለም?»

«አያ ጅቦ!»

«ዕቃዬን ለማን ጥዬ?»

ሊቀ መንበሩ ዘንድ ደረሰች። «ጌታዬ፣ ደቦ ይጥሩልኝ፤ እርስዎ ቢወጡ ሁሉም ይወጣል።»

ጎሽ በመቀመጫው ላይ ተንቀሳቀሰ። አፍሮ ነበር፤ ስላፈረም ተቆጣ። «ደቦ በሕግ ቀርቷል እኮ። አንቺው እጅሽን አንሥተሽ!»

ብቻዋን ወረደች። ያን ቀን ቆፈረች፣ በማግስቱም ቆፈረች። ጥፍሯ ደማ። ክንድ ያህል ከደለሉ በታች ስትደርስ ጥፍሯ ብረት ነካ። ጎትታ አወጣችው፤ ብርማ ቧንቧ ነው። ከሥሩ ሌላ ብርማ። ከዚያ ወርቃማ፣ ወርቃማ፣ ወርቃማ፤ የሚዳቋ፣ የከርከሮ፣ የጉሬዛ። ገበያ ያስረጀው ሁሉ ተጋግዞ፣ እጀታው ከእጀታው ተቆላልፎ የምንጩን ዓይን አንቆታል። እየረገመች፣ እያለቀሰች አንድ በአንድ ነቀለችው። የመጨረሻውን ስታወጣ ከሥሩ ቡልቅ አለና የደፈረሰ፣ የቀዘቀዘ ውሃ እግሯን ነካው።

አልጠጣችም። ቅል ሞልታ ሮጠች።

ሁለቱ ትልልቆች ጎሬው አፍ ላይ ወድቀው ነበር፤ ውሃው ከንፈራቸውን ሲነካ ዓይናቸውን ገለጡ። ድንቡሼን ግን አጣችው። «ድንቡሼ! ውሃ አመጣሁልህ፣ ድንቡሼ!» ደጇ ላይ አገኘችው። ተንጠራርቶ በሁለት እጁ ወርቃማውን ቧንቧ አቅፏል፤ ምላሱ ከቧንቧው አፍ ላይ ነው። ቀዝቅዞ ነበር። እመት ጃርት ቅሉን አስቀመጠችና እንደ እናት ጮኸች።

የውሃው ሽታ ደኑን ዞረ። አውሬው ሁሉ ግር ብሎ ወረደ፣ ጎንበስ ብሎ ጠጣ፤ ጎንበስ ማለት ድሮ ቀርቷል ያለ ማንም የለም። ጠጥተው ሲያበቁ ሸንጎ ተቀመጡ። ሊቀ መንበሩ በበሳል አመራር ድርቁ ታለፈ አለ፤ ተጨበጨበ። ከዚያ ሁሉም ተሰብስበው ወደ እመት ጃርት ለቅሶ ሄዱ። ከፊት ዝንጀሮዎች ነጩን መቀመጫ ተሸክመዋል፣ ሊቀ መንበሩ ቆሞ እንዳያለቅስ።

«እግዜር ያጥናሽ» አለ ጎሽ ተቀምጦ። «ሸንጎው ባዶ እጁን አልመጣም። ከአያ ጅቦ መጋዘን በሕዝብ ስም የተገዛ ነው።» ጅብ አንድ ቧንቧ አቀረበ። «ጥቁር ነው» አለ ሊቀ መንበሩ። «ዘንድሮ የወጣው። ለሐዘንሽም ይስማማል።»

እመት ጃርት ጥቁሩን ቧንቧ አየች። ወርቃማውን አየች፤ የድንቡሼ ምራቅ ገና አልደረቀበትም። ከዚያ በጎኗ የተሸጎጡትን ሁለቱን ልጆቿን ወደ ደረቷ ሳብ አደረገች።

«ይመልሱት፣ ጌታዬ» አለች። «ለወርቁ አንድ ልጅ ከፍያለሁ። የቀሩኝ ሁለት ናቸው።»